ቀለሙ ከሻንሲው ሲቀድም

ባለፈው ወር ከለቅሶ ስመለስ ቢሾፍቱ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ አንድ ሆቴል ገባሁ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም፤ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከሣሩ መሃል፣ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። ቀለሟ ፊት ያሳያል። ጠጋ ስል ኮፈኗ የለም፤ ሞተሯ የነበረበት ጉድጓድ አፈር ተሞልቶ ጽጌረዳ ተተክሎበታል። በሮቿም እንዳይከፈቱ ተበይደዋል።

አንድ አስተናጋጅ ፈገግ ብሎ መጣ።

«አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ሞተሯን የት አደረጋችሁት?»

«ሞተር ነበራት እንዴ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

የመጣሁበትንም ጉዳይ ረስቼ ወጣሁ። እስከ አዳማ ድረስ ስብሰለሰል አይታ ነው መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምነው አባቴ፣ የቅርብ ሰው ነው የሞተብዎት?» አለችኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መካኒክ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ዳር ባለ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ነው። ከዚያ ወደ አሰላ፣ ከአሰላ ደግሞ ዛሬ ባቱ ወደምንላት ዝዋይ ተዛወርኩ። በመጨረሻ አዳማ የግል ጋራዥ ተቀጥሬ እዚያው አረጀሁ። ስለ ደሞዙ የምለው የለኝም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ሰው «ጡረታ ወጣህ ወይ?» ሲለኝ ግን «ወጣሁ» አልልም። «ተውኩት» ነው የምለው። እንዴት እንደተውኩት ደግሞ ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። የእርሻው ጋራዥ ኃላፊ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ እጃቸው ግን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። መኪና ታማ ስትመጣ ቶሎ ብለው ኮፈን አይከፍቱም። ሹፌሩን «ንዳ» ይሉና ጎኑ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሹፌሩ ምን እንደሆነች ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «አንተ ዝም በል፤ እሷ ትናገር» ይሉታል። ዞረው ሲመለሱ ሕመሟ ከሞላ ጎደል ታውቋል።

ቀጥለው ከሥሯ ይገቡና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ ያንኳኩታል። ሻንሲ የመኪና አጽም ነው፤ ሞተሩንም፣ ቦዲውንም፣ ሰዉንም የሚሸከመው እሱ ነው። የድሮ ላንድሮቨር ቦዲዋ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም። ሻንሲዋ ግን ብረት ነው፣ ውስጡም ክፍት ነው፤ ጭቃና ውኃ ይገባና ይተኛበታል። ስለዚህ ከላይ ሙሽራ የምትመስል መኪና ከሥር አልቆላት ሊሆን ይችላል።

«ስማ» ይሉኛል ጋሽ ሰይድ። ጤነኛው ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዱብ ብሎ ይቀራል። ልዩነቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን እሳቸው ሲያንኳኩ እኔ ከውጭ ቆሜ «እዚህ ጋ!» ብዬ ጮህኩ። ካቻቢቴያቸውን አንስተው ያልኩት ቦታ ላይ ጫን ሲያደርጉት ሰርስሮ ገባ። ጎበዝ እንኳ አላሉኝም። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ከሥር የምገባው እኔ ሆንኩ።

ጥገናው ሲያልቅም አያስረክቡም። ራሳቸው ይዘዋት ከእርሻው ጀርባ ወዳለው ድንጋያማ መንገድ ይወጣሉ። ሲመለሱ ይወርዱና የአራቱንም ጎማ መሃል በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ከሌሎቹ በልጦ የሞቀ ካለ የዚያ ጎማ ኩሽኔታ ታሟል ማለት ነው፤ ተመልሳ ትገባለች። «አቧራ ያልቀመሰች መኪና ከእጄ አትወጣም» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ሥራ አስኪያጁ የእርሻው ላንድሮቨር ቀለም እንድትቀባ አዘዘ። የፍሬን ዘይት ታፈስ ስለነበር መለዋወጫ እስኪመጣ ቆማ ነበር። ጋሽ ሰይድ «እሺ» አሉ። አሳምረው ቀቧትና አራቱንም ጎማ አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት መጥቶ ሲያያት ጮኸ።

«ጎማዋስ?»

«ፍሬኗ ሲጠገን ይገባል።»

«እንግዶቹን በምን ላስጎብኝ ነው ታዲያ?»

«በእግር ያስጎብኟቸው። እርሻ በእግር ሲታይ ነው የሚያምረው።»

ለዚህ መልሳቸው ተግሣጽ ደረሳቸው። እንግዶቹ በትራክተር ተጎታች ላይ ተሳፍረው እየሳቁ ጎበኙ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተው ዐረፉ። እሳቸው ይቺን ዘመን ባለማየታቸው አንዳንዴ ደስ ይለኛል።

አሰላ ብርዱና ጭቃው፣ ዝዋይ አቧራው ነበር የሥራ ባልደረባዬ። ዝዋይ ሳለሁ የከብት ክትባት ይዘው ወደ ሻላና አብጃታ የሚወጡትን መኪኖች ነበር የምጠግነው። አለቃዬ ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ስለ መኪና ምንም አያውቁም፣ አውቃለሁም አይሉም። ጠዋት ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል፦ «ጌታቸው፣ ይቺ ዛሬ ብትወጣ ማታ ትመለሳለች?» አትመለስም ካልኩ አትወጣም። በቃ። እንደዚያ ያለ አለቃ ደግሜ አላገኘሁም።

አዳማ የገባሁበት ጋራዥ ባለቤት አቶ ሞገስ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠራን። የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ የገበሬ ፒክአፕ፣ ያልገባልን አልነበረም። በኋላ አሮጌ መኪና ማደስ ፋሽን ሆነ። ሰዉ አያቱ ግቢ ቆሞ ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን ላንድሮቨር እየጎተተ ያመጣልን ጀመር። ደስ አለኝ። ያደግኩባቸው መኪኖች ሊነሱ ነው ብዬ ጎህ ሲቀድ ሥራ እገባ ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ደንበኞቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው መኪናውን አሳድሶ መሬት አያስነካውም። ከጋራዥ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ ሰርግ ላይ ይቆማል፤ ተመልሶ ተጭኖ ይገባል። ሞተሩ ይነሳ አይነሳ ግድ የለውም። ሁለተኛው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ተሰባስቦ ገደል ለገደል መዝለል የሚወድ ነው። የዛገ ብረት ላይ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ «አሮጌ መኪና እኮ ጠንካራ ነው» እያለ ይቀጠቅጠዋል። ሁለቱ ደግሞ ይሰዳደባሉ። አሳዳሹ ነጂውን «አረመኔ» ይለዋል፤ ነጂው አሳዳሹን «ሙዚየም ጠባቂ» ይለዋል። እኔ መሃላቸው ቆሜ ስሰማ የምቃጠለው፣ አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳ ከመኪናቸው ሥር ተኝተው ስለማያውቁ ነው። የሚነዳ መኪና በደንብ ይታደሳል፤ የታደሰ መኪና ይነዳል። ሌላ ምን አለው? ለአቶ ሞገስ ይህንን ስለው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ደንበኛ የጠየቀውን ነው የምንሰጠው፣ ጌታቸው» ይለኛል። ደንበኛው የሚጠይቀው ቀለም ነው። ስለዚህ ስቱኮ እንለጥፋለን፣ እናሻለን፣ እንቀባለን፣ እናብለጨልጫለን።

የአዴ ጫልቱ መኪና የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

አዴ ጫልቱ ዓለም ጤና የምትባለው ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ሽንኩርት አምራች ናቸው። ባላቸው ሳይሞት የገዛት ላንድሮቨር ነበረቻቸው፤ ሽንኩርት ከማሳ ወደ አስፋልት የምታወጣ፣ የውኃ ፓምፕ የምትጎትት፣ የታመመ የምታደርስ። የሚነዳት ልጃቸው ገመቹ ነው። ከነጭቃዋ፣ ከነቁስሏ ብትሆንም ሞተሯ ልክ እንደ ሰዓት ነበር፤ ገመቹ በእጁ ነው የሚንከባከባት። አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ማሳ ላይ በሰበሰባቸውና ብሩክ ለሚባል የአዲስ አበባ ሰው ሸጧት። ብሩክ የእነዚያ የቅዳሜ ነጂዎች ሰብሳቢ ነው። አዴ ጫልቱ ሲሸጡ አንድ ነገር አስገብተዋል።

«ነጂውም አብሮ ነው» አሉት። «ልጄ ካልነዳት አልሸጥም።»

ብሩክም ተስማማ፤ ገመቹን በሹፌርነት ቀጠረው። ብሩክ እንድትታደስ ሲያዝ መኪናዋን ራሳቸው አዴ ጫልቱ ከልጃቸው ጋር ሆነው ነው ጋራዥ ያመጧት።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ጌታቸው» አሉኝ፤ ልጃቸው ስሜን ነግሯቸዋል። «አደራ። ይቺ መኪና ቤታችንን የያዘች ናት።»

«አያስቡ አዴ ጫልቱ፣ እንደ ዓይኔ ነው የማያት።»

ከሥሯ ገብቼ ማንኳኳት ጀመርኩ። የፊቱ ጮኸ፣ መሃሉ ጮኸ። ከኋላ፣ ጎማውን የሚሸከመው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ስደርስ ዱብ አለ። በሌላውም በኩል ዱብ። የመስኖ ጭቃና ማዳበሪያ ስንት ዘመን ሲበላው ኖሯል። ካቻቢቴዬን ገፋ ሳደርገው ገባ። ባሌስትራው እዚያ ቦታ ላይ ከተነቀለ የኋላ ጎማዎቹ ካሉበት ይወጣሉ፤ መሪም ፍሬንም አያድንም። ወጥቼ አቶ ሞገስን ጠራሁት።

«የኋላው ሻንሲ በሁለቱም በኩል አልቋል። ተቆርጦ ወጥቶ በወፍራም ብረት መሠራት አለበት። ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሲያልቅ።»

«ጌታቸው፣ ለመጪው ቅዳሜ ቃል ገብቻለሁ። እነ ብሩክ ካሜራ ተከራይተዋል። ከላይ ላሜራ ለጥፍበትና ጥቁር ቀባው።»

«ላሜራውን ከምኑ ጋር ነው የምበይደው? ከዝገት ጋር?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» ብሎኝ ስልኩን እያወራ ሄደ።

አልለጠፍኩም። ቀኙን ጎን ቆርጬ አወጣሁ፤ የታመመውን ብረት እስከ ጤነኛው ድረስ ተከትዬ ጣልኩ፤ ወፍራም ብረት አጥፌ፣ ለክቼ፣ ከውስጥም ከውጭም በየድኩት። እንደዚያ ያለ ብየዳ እጄ ከያዘ ቆይቶ ነበርና ሳየው ደስ አለኝ። በማግስቱ ግራውን ልጀምር ስል አቶ ሞገስ መቂ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና አለ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ላንድሮቨሯ ቀለም ክፍል ገብታ ወጥታለች። ከሥር ገብቼ ሳይ ግራና ቀኙ ወፍራም ጥቁር ቅብ ለብሶ አንድ ይመስላል። በመዶሻ ብመታው ቅቡ ድምፁን ዋጠው።

ደሳለኝን ጠየቅኩት። ደሳለኝ የጋራዡ በያጅ ነው፤ ጥሩ እጅ ያለው፣ የልጆች አባት።

«ግራውን ማን ሠራው?»

«ተሠርቷል ጋሼ» አለኝ። ዓይን ለዓይን አላየኝም።

ብሩክ ሊረከብ ሲመጣ አቶ ሞገስ እያለ፣ ፊት ለፊቱ ነው የነገርኩት። «ቀኙን እኔ ሠርቼዋለሁ። ግራውን ግን አላየሁትም። ቅቡ ተፍቆ ሳይታይ ድንጋይ መንገድ እንዳታወጣት።»

አቶ ሞገስ ሳቀ። «ጋሽ ጌታቸው የድሮ ሰው ነው፤ ጥርጣሬ ይወዳል።»

ብሩክም ኮፈኗን እየዳበሰ «አይጨነቁ ጋሼ» አለኝ። «ይቺ ለፎቶ ናት። ለመንገዱ ሌሎች መኪኖች አሉን።»

ለገመቹም ደገምኩለት። «ለፎቶ ናት ብለውኛል» አለኝ እሱም፤ እንደዚያ ዓይነት ቀለም ለብሳ ስላያት ፊቱ ላይ ደስታም ቅሬታም ነበር። ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገመቹ ነው አዳማ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የነገረኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዝዋይ ተነስተው ወደ አሉቶ ተራራ ወጡ። የአሉቶን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጎርፍ የቦረቦረው። ገመቹ ላንድሮቨሯን ከሥር አቁሞ ሊጠብቅ ነበር። ብሩክ ግን ከሌሎቹ መኪኖች ይልቅ አሮጌዋ ስትወጣ ቢቀረጽ እንደሚያምር ታየው።

«ያንን ቦረቦር ዘለህ እለፈው» አለው።

«ጋሽ ጌታቸው ድንጋይ እንዳትወጣ ብለዋል።»

«መኪናው የማን ነው? የጋሽ ጌታቸው ነው?»

ገመቹ ቀስ ብሎ በከባዱ ማርሽ አለፈው። ብሩክ አልወደደውም፤ አቧራ አልተነሳም፣ ጎማ ከመሬት አልተላቀቀም። ወርዶ ካሜራው አጠገብ ቆመና «አሁን ደግሞ በፍጥነት!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። ገመቹ «ከመኪናዋ ወርጄ ቁልፉን ልሰጠው አስቤ ነበር» አለኝ። እናቱን አሰበ፣ ሥራውን አሰበ። ነዳት። የፊት ጎማዎቹ ቦረቦሩን ተሻግረው የኋላዎቹ ሲያርፉ በግራ በኩል አንድ ነገር ቷ አለ። የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሄደ፣ መኪናዋ ዞረችና በግራ ጎኗ ተጋደመች። ግራ እጁ መስኮት ላይ ነበር።

ከክርኑ በታች ነው የቆረጡት።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ። ግን አዴ ጫልቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው፣ ሲያዩኝ ብድግ ብለው፣ ባለቀሰ ድምፅ ሳይሆን በቀስታ «ጋሽ ጌታቸው፣ አደራ ብዬዎት ነበር» ያሉኝን የሚያህል የከበደኝ የለም። ለእነ ብሩክ ነግሬያቸው ነበር ልበላቸው? መንገር ምን አዳነ?

በዚያው ሳምንት ወሬው መጣ። ብሩክ «ሹፌሩ ያለ አግባብ ነድቷት ነው» ይላል። አቶ ሞገስ ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ «ሻንሲውን የሠራው ጌታቸው ነው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ እጁ እንደ ድሮው አይደለም» ይላል። ቢሮው ገባሁ።

«ግራውን የሠራሁት እኔ ነኝ ወይ?»

«ጌታቸው፣ ተረጋጋ። አንተ ነገ ከነገ ወዲያ ጡረታ ትወጣለህ። ምን ይጎድልብሃል? እኔ ጋራዥ አለኝ፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው።»

ይህንን ሲለኝ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ውለታ የሚጠይቀኝ ነው የሚመስለው! የልጁ እጅ ተቆርጦ፣ ስሜ ጭቃ ተቀብቶ፣ ለእሱ ግን ትንሽ የወዳጅነት ነገር ነው። መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ነገሩ ሽምግልና ገባ። ዓለም ጤና፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ብሩክና አቶ ሞገስም መጡ። ገመቹ የታሰረ እጁን ነጠላ አልብሶ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። አቶ ሞገስ ብዙ ተናገረ፤ አደጋ የፈጣሪ ነው አለ፣ አሮጌ ብረት አይታመንም አለ፣ እኔንም እያየ ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል አለ። ብሩክ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ የሠራሁትንና ያልሠራሁትን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማመን እንደቸገራቸው ያስታውቃል። መኪናዋ ብሩክ ጋ ናትና ሁላችንም በቃል ነው የምንነጋገረው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ደሳለኝ ነበር። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ ማንም አልጠራውም። አቶ ሞገስ ሲያየው የፊቱ ቀለም ተለዋወጠ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ደሳለኝ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳ። ከዚያ ወደ ገመቹ ዞረ።

«ግራውን እኔ ነኝ የበየድኩት» አለው። «ላሜራ ነው የለጠፍኩት፤ ከሥሩ ብረት አልነበረም። እንደማይይዝ አውቅ ነበር። ካልሠራህ ከነገ ጀምሮ አትምጣ ተባልኩ፤ ጋሽ ጌታቸውን መቂ የላኩትም ለዚሁ ነው። ልጆች አሉኝ ብዬ ሠራሁት። አንተም እናት እንዳለህ አላሰብኩም።»

ደሳለኝ በዚያች ቀን ሥራውን እንደሚያጣ አውቆ ነው የመጣው፤ አጥቷልም። ብዙ አለቃ፣ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቆሞ የተናገረ ሰው ግን አላየሁም። ገመቹ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ቁጭ በል» አለው። ይኸው ነው ያለው።

ካሳው ተወሰነ። ስለ እሱ አላወራም፤ እጅ አያበቅልም። ብሩክ ግን ሊነሱ ሲሉ አዴ ጫልቱን «መኪናዋን እንደገና አሳምሬ፣ እንደ አዲስ አድርጌ ለመታሰቢያ እሰጣችኋለሁ» አላቸው። ይቅርታ መጠየቁ ነው መሰለኝ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«አታሳምራት» አሉት። «እንዳለች አምጣት።»

እንዳለች መጣች። ጎኗ ተጨፍልቆ፣ ያ ሁሉ ቀለም ተፍቆ። እኔና ደሳለኝ እዚያው ዓለም ጤና፣ ከሽንኩርት መጋዘኑ ጎን ሸራ ዘርግተን ሠራናት። አቧራው ያንቀናል፣ መብራት ይጠፋል፣ ብየዳው ይቋረጣል። ቦዲውን ሙሉ በሙሉ አንስተን ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንኳኳን የተጠራጠርነውን ሁሉ ቆርጠን ጣልን። ደሳለኝ በየዳ፣ እኔ መታሁ፤ ዱብ ካለ በድጋሚ ቆረጠ። አንድም ጊዜ አላጉረመረመም። ቦዲውን ቀጥ እንዲል ያህል በእንጨት መዶሻ አቃናነው እንጂ ስቱኮ አላስነካነውም። ገመቹ ሲመሽ ሲመሽ መጥቶ ያየናል።

መሪው ላይ ብዙ አሰብን። ደሳለኝ አንድ የቆዳ ሠሪ ይዞ መጣና የገመቹን ክንድ ለክተው፣ መሪው ላይ የሚታሰር የቆዳ ማቀፊያ ሠሩለት። ክንዱን እዚያ አስገብቶ መሪ ይይዛል፤ በቀኝ እጁ ማርሽ ይቀይራል። መጀመሪያ ሲሞክር ማቀፊያው አጥብቆ ያዘውና ተናደደ፣ ወርዶ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ቆዳውን አስፍተን ጠብቀነው ነበር። ከዚያ የማሳውን ዳርቻ ሲዞራት፣ አዴ ጫልቱ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት ነበር። ደሳለኝ ዞር ብሎ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። እኔም መሣሪያ የምፈልግ መሰልኩ።

ባለፈው የሽንኩርት ወቅት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ማሳው ተሰብስቦ እየተጫነ ሳለ የመኪና ድምፅ ሰማን። የቅዳሜ ነጂዎች ናቸው፤ ብሩክ የለበትም፣ ሌሎች ናቸው። ትልልቅ ጎማ፣ ጣሪያ ላይ መብራት፣ ሙዚቃ። የመስኖውን ቦይ አቋርጠው በሽንኩርቱ መሃል ከማሳው ጀርባ ወዳለው ሐይቅ ሊወጡ ነው። የፊተኛው መኪና ጎማ ቦዩን ሲረግጠው ውኃው ወደ ማሳው ፈሰሰ። ሠራተኞቹ ጮኹ። ማንም አልሰማቸውም።

ገመቹ ላንድሮቨሯን አስነስቶ፣ ግማሽ እንደተጫነች ነዳና ከፊታቸው አግድሞ አቆማት። ሞተሯን አጠፋ። ወርዶም ኮፈኗን ተደገፈ።

የፊተኛው ሹፌር ጥሩንባውን ነፋ፤ ከዚያ ወረደ። ወጣት ነው፣ መነጽር አድርጓል። «ወንድም፣ አሳልፈን። ወደ ሐይቁ ነው።»

«መንገዱ በዚያ ነው» አለው ገመቹ፤ በቀኝ እጁ ወደ አስፋልቱ እያሳየ። «ይኼ ሽንኩርት ነው።»

ሠራተኞቹ አካፋቸውን እንደያዙ ከኋላው መጥተው ቆሙ። እኔም ሄጄ ቆምኩ። ወጣቱ እኛን አየ፣ ቦዩን አየ፣ ጓደኞቹን አየ። በመጨረሻ እጁን አወዛውዞ ወደ ኋላ እንዲመለሱ ነገራቸው። ሊሳፈር ሲል ግን ዞሮ ላንድሮቨሯን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት፤ የተጨማደደ ጎኗን፣ ቀለም የሌለው ኮፈኗን፣ በጀርባዋ የተቆለለውን ሽንኩርት።

«ይቺ እኮ ብትታደስ ጉድ ናት» አለው። «አትሸጥልኝም?»

«አልሸጥም» አለው ገመቹ። «ሥራ ላይ ናት።»